መጠኑ የጠፋበት ሻይ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ በአዲስ አበባ የሎሚ፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ በቀናት ውስጥ ሰማይ ነካ። ወረርሽኙ አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬ በብዙ ቤት ጠዋት ጦስኝ ይፈላል፣ ማታ ሞሪንጋ ይጠጣል። «ስኳር ያጠፋል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ጉበት ያጸዳል» የሚል ቪዲዮም ከአንዱ የቤተሰብ ግሩፕ ወደ ሌላው ይዞራል።

ልማዱ በራሱ አይነቀፍም። ጦስኝ በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ደጋ የሚበቅል፣ በቤተ ሙከራ ጀርም የመግደል አቅማቸው የታየ ዘይቶች ያሉት ተክል ነው። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ያስታግሳል። የኮንሶ ሰው የሽፈራውን ቅጠል፣ ማለትም ሞሪንጋውን፣ ከጥንት ጀምሮ እንደ ጎመን ቀቅሎ ሲበላው ኖሯል። ለስላሳውን ትቶ ስኳር የሌለው ጦስኝ የሚጠጣ ሰው አተረፈ እንጂ አልከሰረም።

ችግሩ የሚጀምረው ሻዩ የመድኃኒቱን ቦታ ሲወስድ ነው።

ነገሩ በየሰፈሩ የታወቀ ነው። ስኳር ያለባቸው እናት ከጎረቤት ሰምተው ሞሪንጋ ይጀምራሉ። ሳምንት ሳይሞላ ቀለል ይላቸዋል። «ክኒኑ እኮ ኩላሊት ይጎዳል» ይባላሉ፤ ያቆሙታል። ስኳርና ደም ግፊት ግን ሕመም ሳያሰሙ ውስጥ ውስጡን የሚሠሩ በሽታዎች ናቸው። ዓይን ሲደበዝዝ፣ ኩላሊት ሲደክም፣ የእግር ቁስል አልድን ሲል ወደ ሐኪም ቤት ይኬዳል፤ ያኔ ብዙው ነገር አልፏል።

ክኒኑን ሳያቆሙ ሻዩን መደራረብም የራሱ አደጋ አለው። አብሽ የደም ስኳር የመቀነስ ጠባይ አለው፤ ከኢንሱሊን ጋር በብዛት ሲወሰድ ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲያበዛ የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ጤና አዳም በብዛት ተፍልታ ስትጠጣ ማሕፀንን ልታኮማትር ስለምትችል ለነፍሰ ጡር አትሆንም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ዓይነት ሻይ አያስፈልገውም።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለሚል፣ መልሱን ኮሶ ይሰጠዋል። ከልኩ ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሲብስም እንደሚገድል የታወቀ ነው። ስለዚህ ኮሶ የሚሰጡ አዋቂዎች የጠጪውን አቅም አይተው፣ ለክተው ነበር የሚያጠጡት። ዳማከሴም ምች ሲመታ ተጨምቆ ለአንድ ሁለት ቀን ይወሰዳል እንጂ የዕድሜ ልክ መጠጥ አልነበረም። የአባትና የእናት ዕውቀት ለምን፣ ለማን፣ ስንት ቀን የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩት። ቪዲዮው ቅጠሉን ወሰደና ጥያቄዎቹን ጣላቸው። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚለውን አብሮ ጣለው።

ዘመናዊ ሕክምና የቅጠል ጠላት ነው የሚለውም ስሕተት ነው። ዛሬ ወባን የሚያድነው ዋና መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒን፣ የተገኘው ከቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው፤ ያገኙት ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ይሁንና ተክሉን ማፍላት ፈዋሹን ነገር እንደሚያበላሸው የተረዱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ያወጡትም በዝቅተኛ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የዚህን ተክል ሻይ ለወባ አይደግፍም፤ መጠኑ ስለማይታወቅ አያድንም፣ በሽታውም መድኃኒቱን እንዲላመድ ሊያደርገው ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ፣ ትኩሳት ላይ ያለን ሰው ሳያስመረምሩ ሻይ እያጠጡ ማቆየት በነፍስ መጫወት ነው።

ጥፋቱ ግን የቤተሰብ ብቻ አይደለም። ብዙ ታካሚ ቤት የሚጠጣውን ለሐኪም አይናገርም፤ ቢናገር ቁጣ ወይም ሹፈት ይጠብቀዋል ብሎ ይፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዛሬ የሚደበቀው ሻዩ ነው፤ የሐኪሙም ክኒን በማያውቀው ነገር ላይ ይታዘዛል። «ቤት ምን እየጠጡ ነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚሻለው መንገድ ከባድ አይደለም። ቅጠሉ የፈላ ውኃ ተደርጎበት ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ክፍት ሆኖ ሲንተከተክ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት በእንፋሎት ይሄዳል። ዝንጅብልና ቀረፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፍሉ። በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ይበቃል። የሚጠጣው ነገር ስም ለሐኪም ይነገር። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን የሚያስቆም ቪዲዮ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ሳይላክ እዚያው ይቅር።

ሻዩም ይፍላ፣ ክኒኑም በሰዓቱ ይዋጥ።