የፋኑን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ጥገና አይደለም

ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ወለንጪቲ፣ ኮምፒውተር ሲከፈት የፕሮሰሰሩ ፋን ችግር እንዳለበት አስታውቆ «ኤፍ 1ን ይጫኑ» ካለ፣ እንደታዘብኩት ፈጣኑ መላ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የፋኑን ክትትል ማጥፋት ነው። መልእክቱ ይጠፋል፤ ባለንብረቱም ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን የጠፋው ብልሽቱ ሳይሆን ስለ ብልሽቱ የሚናገረው ብቸኛ ምስክር ነው።

ባለአራት ፒኑን ማገናኛ ለተረዳ ሰው ይህ መልእክት ብዙ ይናገራል። አንዱ ሽቦ ግራውንድ፣ ሁለተኛው 12 ቮልት ነው፤ በሦስተኛው ፋኑ ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ ያሳውቃል፣ በአራተኛው ደግሞ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን ያዝዛል። ፋኑ በአንድ ዙር ሁለት ምት ስለሚልክ በሰከንድ 60 ምት ማለት በደቂቃ 1,800 ዙር ነው። ሦስተኛው ሽቦ ከተበጠሰ ፋኑ በደኅና እየዞረ ማዘርቦርዱ ዜሮ ያነባል። ፋኑ ለሳጥኑ ማራገቢያ በተዘጋጀው ማገናኛ ላይ ተሰክቶ ከሆነም መልእክቱ ያው ነው። አቧራ ተጠቅጥቆበት በእርግጥ የቆመ ፋንም ይህንኑ ያስነግራል። አዲስ ፋን መግዛት የሚያስፈልገው ምናልባት ለመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ በብሩሽ ይሞከር።

አራተኛው ሽቦ ሲበጠስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትእዛዝ ያጣው ፋን በሙሉ ፍጥነት ይጮኻል። ባለሦስት ፒን ፋን በባለአራት ፒን ማገናኛ ላይ ሲሰካም፣ የባዮሱ ምርጫ ወደ ቮልቴጅ ቁጥጥር ካልተቀየረ፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በሽቦ ቀለም ብቻ መመራትም አደገኛ ነው። በብዙ ባለሦስት ፒን ፋኖች ላይ ቢጫው የፍጥነት ምልክት ሲሆን፣ በኢንቴል የባለአራት ፒን አሠራር ግን ቢጫው 12 ቮልት፣ አረንጓዴው ምልክት፣ ሰማያዊው ትእዛዝ ነው። ሽቦ ቆርጦ የሚቀጥል ጠጋኝ ይህን ካላወቀ ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ወለንጪቲን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ በጋ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ሥራውና የፋኑ ፍጥነት ሳይለወጡ የክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም በግምት ያንኑ ያህል ይሞቃል። በዚያ ላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል በ13 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ፋን የሚያሻግረው አየር በክብደቱ ያነሰ ነው። (የአዲስ አበባ አየር ከዚህም የሳሳ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ይክሳታል።) በመከር ወራት የጤፉ እብቅ ሲጨመርበት የሂት ሲንኩ ክፍተቶች ይደፈናሉ።

ክትትሉ የጠፋበት ኮምፒውተር ወዲያው አይሞትም፤ ጉዳቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር እንደ ሥሪቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው የሚያየው መንቀርፈፍ ብቻ ስለሆነ «ቫይረስ ነው» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። ያልተቀዳ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ሲጠፋ፣ ምክንያቱ አንድ የላላ ሶኬት እንደነበር የሚጠረጥር የለም።

ለጠጋኞቹ አለመፍረድ ይገባል፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተስማሚ ፋንም ሁልጊዜ በእጅ አይገኝም። ሆኖም ማገናኛውን አይቶ፣ ባዮሱ የሚያሳየውን የዙር ቁጥር አንብቦ፣ ፋኑን በደኅና ማዘርቦርድ ላይ ለመሞከር ከሩብ ሰዓት በላይ አያስፈልግም። የፍጥነት ቅንብሩም ፋኑ ቀደም ብሎ እንዲፈጥን ቢስተካከል ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተሞላው ምርጫ ለጸጥታ የሚያደላ ነውና። የተበጠሰው የፍጥነት ምልክቱ ሽቦ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠና መለዋወጫ ከታጣ፣ ክትትሉን ለጊዜው ማጥፋትን አልቃወምም። ያን ጊዜ ግን የጠፋበት ቀንና ምክንያት ተጽፎ በሳጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ፎርማት ከማድረጉ በፊት እንዲያነበው።