ባልጩቱን ከኪስህ አውጣው

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው፤ እንግዳ ጭኜ ወደ ደቡብ መንዳት ከጀመርኩ ቆየሁ። ዓለም ገናን አልፎ የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና ጢያን በአንድ ቀን ያዳርሳል። የሚያሳስበኝም ይኸው ማዳረስ ነው።

አንድ ጊዜ መልካ ቁንጡሬ ላይ አንድ ወጣት እንግዳዬ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። «ሞልቶ የለም እንዴ?» አለኝ። ሞልቷል። ግን የጥንት ሰው የጠረበው ባልጩት ከወደቀበት ከተነሳ ለአጥኚ የሚናገረው ነገር ይጠፋል። (ባልጭት የሚባለው ጎረቤቱ ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ይመስለኛል።) አስመለስኩት፤ እስከ ጢያ አኮረፈኝ።

መልካ ቁንጡሬና ባልጭት እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አብረው ሰፈሩ፤ ጢያ ከ1980 ጀምሮ አለ። ምዝገባ ጎብኚ ይጠራል፤ እሰየው። ሆኖም ጢያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸበትን ትክል ድንጋይ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳውን ማን ይከልክል? ከመግቢያው ገንዘብ የተወሰነው እዚያው ለሚጠብቁት የአካባቢው ልጆች ይዋል እላለሁ። እኛ ሾፌሮችም ከአዲስ አበባ አሽገን የምንወስደውን ምሳ ትተን እዚያው ሽሮ እናስበላ።

አዳዲ ማርያም ደግሞ ከአለት ብትፈለፈልም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። እሑድ ጠዋት በካሜራ መብራት ምእመናንን ማስደንገጥ ነውር ነው። አስጎብኚዎች ሲደውሉልኝ «ከቅዳሴ በኋላ» እላለሁ። አንዳንዴ ሥራው ለሌላ ሾፌር ይሰጣል።