አውሬን በድምፅ ስለ መጥራት



ይህችን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው አዳኞች ሥጋ በል አራዊትን ከተሸሸጉበት ለማውጣት ስለሚነፉት መጥሪያ ነው። «የመንግሥት ሠራተኛን ከአደን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ብዙ ናቸው፤ በዚያም አገር ፈቃድ አውጥቶ ማደን የተለመደ ነው። መጥሪያውም ከኪስ የማይበልጥ ዕቃ በመሆኑ ለስጦታ ተብሎ በሻንጣ ለመምጣት አያስቸግርም። ከዚህም በቀር ዛሬ የቈሰለ ጥንቸል ጩኸትም ሆነ የጅብ ድምፅ በእጅ ስልክ ይገኛል። ስለዚህ ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚለመድ፣ ይልቁንም የጠሪው ኀላፊነት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል እላለሁ።

ይህ ጥበብ በዛሬው መልኩ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። በቴክሳስ የማርብል ፎልስ ሰዎች የነበሩት የበርንሃም ወንድማማቾች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በአፍ የሚነፋ መጥሪያ እየሠሩ በመሸጥ ታወቁ። የዌኮ ከተማው ጆኒ ስቱዋርት ደግሞ የእንስሳትን ድምፅ በሸክላ እየቀዳ ለአዳኞች አቀረበ። ዛሬ በሸክላው ፋንታ በባትሪ የሚሠራና በመቶ የሚቈጠር ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ተተክቷል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው አውሬ ኮዮቴ ይባላል፤ የቀበሮ ዘመድ ሲሆን ከተኵላ ያንሳል። ቦብካት የሚባለው ጅራቱ አጭር የዱር ድመትና ልዩ ልዩ ቀበሮዎችም በዚሁ ዘዴ ይጠራሉ።

አውሬው ለጥሪ የሚመጣው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ረኃብ ነው፤ የጥንቸል የጣር ጩኸት ሲሰማ ያለ ድካም የሚገኝ ምሳ መስሎት ይመጣል። ሁለተኛው ቅናት ነው፤ የማያውቀው ኮዮቴ በክልሉ ገብቶ ሲጮኽ ቢሰማ ባለ ርስቱ ሊያባርረው ይወጣል፤ ይህም ክረምታቸው ሊያልቅ ሲል በሚራቡበት ወራት ይበረታል። ሦስተኛው የወላጅ አንጀት ነው፤ የቡችላ ለቅሶ ሲሰማ እናትም አባትም ይሮጣሉ። እንግዲህ ድምፅን መምረጥ ማለት ከነዚህ ከሦስቱ በሮች የትኛውን እንደሚያንኳኩ መምረጥ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ሦስተኛው በር ቡችሎች ገና በጉድጓድ ባሉበት ወራት ሊዘጋ ይገባዋል። እናቲቱን በልጇ ድምፅ አታሎ መግደል የቀሩትን ቡችሎች ለረኃብ መስጠት ስለሆነ፣ ሕግ ቢፈቅደው እንኳ ኅሊና አይፈቅደውም።

ስለ ዕቃው ምርጫ እንነጋገር። በአፍ የሚነፉት መጥሪያዎች በዋናው ሁለት ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ዓይነት ድምፅ የሚሰጠው ቀጭን ምላስ በቱቦው ውስጥ ተሸፍኖ ይገኛል። ይህን ማንም ሰው ባንድ ቀን ሊነፋው ይችላል፤ ነገር ግን የሚሰጠው ድምፅ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ በብርቱ ውርጭም ጊዜ ምራቅ በውስጡ ይረጋና ይዘጋዋል። በሁለተኛው ዓይነት ምላሱ ወደ ውጭ የተገለጠ ነው፤ ነፊው በከንፈሩ ወይም በጥርሱ ይጫነዋል። ጫፉ ላይ ሲጫነው ድምፁ ይቀጥናል፤ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሲጫነው ይወፍራል። ስለዚህ በዚሁ በአንዱ ዕቃ ጥንቸሉንም፣ ቡችላውንም፣ ኮዮቴውንም መምሰል ይቻላል፤ ለመልመድ ግን ብዙ ሳምንት ይፈልጋል። ሦስተኛው የባትሪው መሣሪያ ነው። ይህ ከአዳኙ ርቆ ስለሚቀመጥ የአውሬው ዐይን ወደ መሣሪያው እንጂ ወደ ሰውየው አይመለከትም፤ የአዳኙም ሁለት እጆች ነፃ ይሆናሉ። ይህ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ዋጋው ግን በብዙ መቶ ዶላር ሊቈጠር ይችላል፤ ደግሞም በአንዳንዶቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለአንዳንድ አውሬ በዚህ መሣሪያ መጥራት ክልክል ስለሆነ ከመግዛት በፊት የግዛቱን ደንብ መጠየቅ ግድ ነው።

የኔ ምክር ጀማሪው ምላሱ በተሸፈነው እንዲጀምር፣ ቀጥሎም ምላሱ ወደ ተገለጠው እንዲሻገር፣ የባትሪውንም ለመጨረሻ እንዲያቈየው ነው። ለምን ቢሉ፣ ቍልፍ ተጭኖ የሚጠራ ሰው አውሬው ለምን እንደ መጣም፣ ለምን እንደ ቀረም ሳያውቅ ይኖራል። በራሱ ትንፋሽ የሚጠራ ግን ድምፁ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደሚደክም ለማወቅ ይገደዳል። ስለዚህ መጥሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያሠለጥነው ከንፈሩን ሳይሆን ጆሮውን ነው።

አለማመዱም ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የእውነተኛውን እንስሳ ድምፅ ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል። በጭንቅ ላይ ያለ ፍጥረት እንደ ጥሩምባ ባንድ ልክ አይጮኽም፤ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይቃትታል፣ እንደገና ይጮኻል። ትንፋሹ ከጕንጭ ሳይሆን ከሆድ መውጣት አለበት። ልምምዱን በቤት ውስጥ ማድረግ ከቤተ ሰብም ከጎረቤትም ጋር ስለሚያጣላ መስኮቱን በዘጉት አውቶሞቢል ውስጥ ሆኖ መለማመድ ይሻላል። የራስን ድምፅ ቀድቶ ከእውነተኛው ጋር ማስተያየትም ከብዙ መምህር ይበልጣል።

ዱር ሲወጡ ደግሞ የነፋሱ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ኮዮቴ የሰማውን በአፍንጫው ሳያረጋግጥ አያምንም፤ ስለዚህ ዞሮ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ወገን ይመጣና ያሸታል። ጠሪው ያን ወገን ገልጦ በሚያሳየው ቦታ ካልተቀመጠ አውሬው አይቶት ይሄዳል እንጂ እርሱ አውሬውን አያየውም። የአውቶሞቢሉን በር ሳያጋጩ በዝግታ መሄድ፣ ጥላ ውስጥ መቀመጥ፣ መጀመሪያ በቀስታ መንፋት ይገባል፤ አውሬው እዚያው አጠገብ ተኝቶ ከሆነ ከፍተኛው ድምፅ ያስበረግገዋል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጠበቅ ነው። ለኮዮቴ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እያዘገመ ለሚመጣው ለቦብካት ግን ከ30 ደቂቃ በላይ ይጠበቃል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደ ተባለው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰልችቶት የሚነሣ ሰው አውሬው ሲመጣ እርሱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ጥሪውን የሚሰማው አውሬ ብቻ አይደለም። ሌላ አዳኝም የጥንቸሉን ጩኸት ሰምቶ ጠመንጃውን እንደ ያዘ ሊመጣ ይችላል፤ ጠሪውም ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሶ በቍጥቋጦ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ ወይም ድንጋይ ወደ ኋላው ማድረግ ይገባዋል። በድምፅ ላይ ወይም በተነቃነቀ ሣር ላይ አይተኰስም፤ የመጣው ምን እንደ ሆነ በዐይን ሳይለዩ ጣትን ከቃታ ማራቅ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው መንፋቱን ቢያውቅም መጥራትን አላወቀም።

በአገራችን ሰውን ጠርቶ ማሳፈር ነውር ነው። አውሬውን በውሸት ጠርተን ስንስተው ወይም አቍስለን ስንለቀው እርሱም ይማራል፤ ያን ድምፅ ሁለተኛ ላያምነው ይችላል። በደንብ ያልተለማመደ ጠሪ የራሱን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውንም አዳኝ ሥራ የሚያበላሸው ስለዚህ ነው።

«መጥሪያው አውሬውን ለመጨረስ ይረዳል» የሚሉም አሉ። የበግ መንጋ ያስቸገረን አንድ ኮዮቴ ለይቶ ለመያዝ መጥሪያ እንደሚጠቅም እቀበላለሁ። ጠቅላላውን መጨረስ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ የኮዮቴ ዘር በመርዝ፣ በወጥመድና በጥይት ከመቶ ዓመት በላይ ሲሳደድ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ ከሃዋይ በቀር በሁሉም ግዛቶች ተስፋፍቶ ይገኛል። ብዙ የገደለ የሚሸለምበትን የኮዮቴ ግድያ ውድድርም አንዳንድ ግዛቶች ከልክለዋል፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ካሊፎርኒያ በ2014 ሽልማቱን አገደች፤ ቨርሞንት በ2018፣ ኒው ሜክሲኮም በ2019 ውድድሩን ከለከሉ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። እኛም አውሬን በድምፅ መጥራት ከአሜሪካ አልተማርንም። በሐረር ከግንቡ ውጭ ጅቦችን በየስማቸው እየጠሩ የሚያበሉ ሰዎች እንዳሉ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በዚያ ጥሪ ውስጥ ውሸት የለም፤ ጅቡ ይጠራል፣ ይመጣል፣ ሥጋውን በልቶ ይሄዳል። ሌላው ጥሪ የሊቃውንቱ ነው። በደቡብ አፍሪካ በክሩገር እንደ ተደረገው ሁሉ በሰሜን ኢትዮጵያም ተመራማሪዎች የተቀዳ ድምፅ በማጉያ እያሰሙ ጅቦችን በሌሊት ጠርተው ቈጥረዋል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፁ ከምን ያኽል ርቀት እንደሚሰማና ከሰሙትም መካከል ስንቶቹ እንደሚመጡ አስቀድሞ በሙከራ ካልታወቀ ቍጥሩ ዋጋ የለውም። ጥሪውም በየጊዜው ከተደጋገመ ጅቦቹ መምጣታቸውን ይተዋሉ። እንግዲህ ለአዳኙ የነገርነው ትምህርት ለቈጣሪውም ያው ነው።

ይህ ዕውቀት ለከተማ ሰው ምን ይጠቅመዋል ቢሉ፣ ጅብ ወደ ከተማ የሚመጣበትን ምክንያት ያስረዳል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ በትግራይ በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች የከብት መታረድ ሲቀንስና የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ፣ በጅብ ዐይነ ምድር ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጕር ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ እንደ ሆነ አሳይቷል። ይህ ማለት እኛ የጣልነው አጥንት ራሱ መጥሪያ ነው ማለት ነው። ያለ ትንፋሽና ያለ ባትሪ በየሌሊቱ የሚጣራ እርሱ ነው።

ስለዚህ ከከተማ ዳር ቆሞ ለጨዋታ ሲል ጅብ በስልክ ወይም በመጥሪያ የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ የሚያደርገውን ያስብ። እርሱ ሥቆ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በሩንም ይዘጋል። ጅቡ ግን የሰማውን ምግብ ሳያገኝ ተርቦ በመንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ሰዓት በመንገድ ላይ የሚገኘው ማን ነው? በረንዳ ላይ የተኛው ቤት የሌለው ሰው፣ ዱላ ብቻ የያዘው የሌሊት ዘበኛ፣ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ አህያዋን የምትነዳው ሴት ናት። ጠሪው ሌላ፣ እንግዳ ተቀባዩ ሌላ ይሆናል ማለት ነው።

የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ለጨዋታ የሚደረገውን ጥሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገታው የሰው ማስተዋል ነው። እኔም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለማደን ቢፈልጉ ፈቃድ አውጥተው፣ የግዛቱን ደንብ አንብበው፣ በአፍ ከሚነፋው መጥሪያ ይጀምሩ። እዚህ ያለነው ደግሞ ድምፁን ለመጫወቻ አናድርገው፤ የእርድ ቤቶችና የየቤታችን አጥንት በየሜዳው እንዳይጣልም እናድርግ፤ በየማዘጋጃ ቤቱ የምንሠራ ሰዎች ለዚህ ከሌላው ይልቅ ኀላፊነት አለብን። በመጨረሻም ስለ ዱር እንስሳት የሚመለከታቸው ባለ ሥልጣኖች ይህን የመጥራት ዘዴ የሚያውቁ ወጣት ሠራተኞችን አሠልጥነው በየከተማችን ዙሪያ ያለው ጅብ ስንት እንደ ሆነ ያስቈጥሩልን። ቍጥሩ ሳይታወቅ «ይገደል» ብሎ መጮኽም፣ «አይነካ» ብሎ መከራከርም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

መጥሪያ ትንሽ ዕቃ ናት። ነገር ግን በእርስዋ የሚነፋ ሁሉ፣ ለሚመጣው አውሬም ሆነ አውሬው በመንገዱ ለሚያገኘው ሰው መልስ መስጠት እንዳለበት አይዘንጋ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ