«ንጹሕ ከሆነ ምን አስፈራው?»

ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ሳይቀር ይጠረጠራል። «ንጹሕ ከሆነ ምን አስፈራው?» ይባላል። ይህን የሚሉት ፖሊሶች ብቻ አይደሉም። እናት ለልጇ፣ አከራይ ለተከራዩ፣ የተማረውም ሰው ለጓደኛው ይመክረዋል። እኔ ግን ይህ ምክር የቤታችንን መብት ከማንኛውም ሕገ ወጥ ብርበራ ይበልጥ ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ። ሕገ ወጥ ብርበራ አንድ ቤት ይጎዳል፤ ይህ አስተሳሰብ ግን አገሬው ሁሉ ሳይጠይቅ በሩን እንዲከፍት አድርጓል።

ትእዛዝ መጠየቅ የፈረንጅ ወግ ነው የሚሉም አሉ። ስህተት ነው። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሕግ ከፈቀደው ውጭ የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጓል። የ1948ቱ ደገመው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤት እንዳይገባ ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ከብርበራ ጠበቀ። ዘውዱ ወርዶ፣ ሥርዓት በሥርዓት ተተክቶም ድንጋጌው አልጠፋም። የጎደለው ጠያቂ ነው።

የሚጠየቀው ነገር ደግሞ ከባድ አይደለም። ዛሬም የምንሠራበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የብርበራ ትእዛዝን ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ዳኛው ብርበራው ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ከተረዳ ይበቃል። ትእዛዙ ግን የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ፖሊስም ያልተጻፈውን ማንሳት አይችልም። የተሰረቀ ቴሌቪዥን ሊፈልግ የገባ መርማሪ የልጅቷን ላፕቶፕና የአባትየውን የግል ደብዳቤ ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። የተያዘው ዕቃ ይዘረዘራል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርማል። ይህ ፊርማ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የወረቀት ማሟያ አይደለም። ሽጉጡ ከፍራሹ ሥር ተገኘ ወይስ ተቀመጠ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ከባለቤቱና ከፖሊሱ ቃል ሌላ ሦስተኛ ዓይን የሚገኘው በዚያ ፊርማ ነው። እውነተኛ ሥራ የሠራ ፖሊስም ስሙ የሚጠበቅለት በዚሁ ነው።

«ወንጀለኛ ትእዛዝ እስኪወጣ ይጠብቃል?» የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ቦምብ የተቀበረበት ግቢ፣ ታግቶ የተዘጋበት ሰው ሊኖር ይችላል። ሕጉ ግን ይህን አልረሳውም። እጅ ከፍንጅ የሚባረር ተጠርጣሪ ቤት ከገባ ፖሊስ ተከትሎት ይገባል። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው አንድ ቦታ መደበቁ ተጠቁሞ፣ ትእዛዝ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለም እንዲሁ። ችግሩ «ይሸሻል» የምትለው ምክንያት ለሁሉም ቤት መዋሏ ነው። ሦስት ቀን የታቀደ ብርበራ በአራተኛው ቀን «አስቸኳይ» ሊባል አይገባውም፤ በሦስቱ ቀናት ፍርድ ቤቱ ክፍት ነበርና። «ባለቤቱ ፈቅዶ ነው» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሌሊት መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተው ቆመው ሳለ «ግቡ» ያለ አባወራ ፈቀደ ብሎ መመዝገብ የፍርሃቱን ልክ አለማወቅ ነው።

ትእዛዝ አልባ ብርበራ የት እንደሚያደርስ በደርግ ዘመን፣ በመጋቢት 1969 አይተነዋል። የአዲስ አበባ ሰው «አሰሳ» ሲባል ዛሬም የሚያስታውሰው ያንን ነው። የታጠቁ የቀበሌ ጠባቂዎች ቤት ለቤት ገብተው የደርግ ተቃዋሚ የነበረውን የኢሕአፓን ሰው፣ መሣሪያና የጽሑፍ ማባዣ ፈለጉ። ብዙ ቤተሰብ መጽሐፉን በገዛ እጁ አቃጠለ። ንጽሕናው አላዳነውም፤ ምክንያቱም ብርበራው ሲጀመር የተጻፈ ጥርጣሬ አልነበረም፤ የተገኘው ነገር ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ተደረገ። ትእዛዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱ ከመግባት በፊት በወረቀት እንዲሰፍር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ የማይነኩ ያላቸውን መብቶች ሲዘረዝር አንቀጽ 26ን አላካተተም። በ2009፣ በ2014 እና በ2015 የታወጁት አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲበረበር የፈቀዱት በዚሁ ክፍተት ነው። አዋጁ ጊዜው ሲያልፍ ይሻራል፤ በወራቱ ውስጥ ያለ ወረቀት መግባት የለመደ ፖሊስ ግን ልማዱ አብሮ አይሻርም። አለቆቹም ሲያርሙት አናይም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የፍርድ ቤቱ ዝምታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። የ1954ቱ ሕግ ግን በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ዕቃ ውድቅ ይሁን የሚል ግልጽ ቃል የለውም። ስለዚህ ያለ ትእዛዝ የገባ መርማሪ የያዘውን ዕቃ ለዳኛ ያቀርባል፤ ክርክሩም ዕቃው የማን ነው በሚለው ላይ ያርፋል። ከሥልጣኑ ውጭ የበረበረ ሠራተኛ በወንጀል ይጠየቃል ብንልም፣ ጉዳዩን የሚመረምረው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ባልደረባ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50፣ መብት ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ ፍርዱን ኢፍትሐዊ የሚያደርግ ወይም ፍትሕን የሚጎዳ ከሆነ ውድቅ እንዲደረግ አዛለች።

የእኛም ሕግ አውጪ ይህን ሊጽፍ ይገባል፤ ዳኛው ዕቃውን ከመቀበሉ በፊት «ቤቱ በምን ትእዛዝ ተገባ?» ብሎ እንዲጠይቅ ግዴታ ይጣልበት። እስከዚያው ጠበቆች ጥያቄውን በየመዝገቡ ማንሳትና መቃወሚያቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ፤ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።