የጉርሻው ልክ

«ትልቅ ዓሣ የሚሻ ትልቅ ማባበያ ይጣል» የሚለው ምክር በባስ አጥማጆች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሯል። ለእኔ ግን ምክሩ የሚለካው የአጥማጁን ምኞት እንጂ የዓሣውን አፍ አይመስለኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ባስ በአሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው፤ ዋሽንግተንን አልፎ በሚወርደው በፖቶማክ ወንዝም አለ። ማባበያ የምለው ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ መንጠቆ የተሸከመውን የውሸት ምግብ ነው። የባስ ጥርስ ጥቃቅንና ሻካራ ስለ ሆነ ለማኘክ አይረባም። አፉን በድንገት ከፍቶ ውኃውን ከነሲሳዩ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሚውጠውም ለአፉ የሚመጥነውን ነው። ጉርሻ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጠቀለለው በአጉራሹ መዳፍ ሳይሆን በጎራሹ አፍ ልክ ነው (አንዳንድ አክስቶቻችን ይህን ባይቀበሉትም)።

አፍ ብቻውን ግን አይወስንም። በሰኔ ውኃው በዚያው ዓመት በተፈለፈሉ ጥቃቅን ዓሦች ሲሞላ፣ ከ2 እስከ 3 ኢንች የሚሆን ማባበያ ከግዙፉ ይልቅ ይቀናዋል፤ ባሱ በየሰዓቱ የሚያሳድደው እርሱን የሚመስለውን ነውና። በጥቅምት እነዚያው ዓሦች አድገዋል፤ ማባበያውም አብሯቸው ወደ 4 እና 5 ኢንች ማደግ አለበት። ውኃው ሲደፈርስ ባስ ከዐይኑ ይልቅ በጎኑ በተዘረጋው ንዝረት ለቃሚ መስመር ይመራል፤ ያን ጊዜ ውኃ የሚገፋ ወፍራም ማባበያ ይበጃል። ውኃው ሲጠራ ወይም ቅዝቃዜ በድንገት ሲገባ ደግሞ ትንሹና ቀጭኑ።

የትልቁ ማባበያ ወዳጆች ካሊፎርኒያን ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፤ በዚያ ከ8 ኢንች በላይ በሆነ ማባበያ አስደናቂ ባሶች ተይዘዋል። ነገር ግን በእነዚያ ሐይቆች ለአጥማጆች ተብሎ ትራውት ይጨመራል፤ ባሶቹም ትራውቱን እየበሉ ይወፍራሉ። ማባበያው የተለቀው ማዕዱ ስለ ተለቀ ነው! የዓለሙ ክብረ ወሰንም ከዚህ አይርቅም። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ። ከ77 ዓመት በኋላ ማናቡ ኩሪታ በጃፓን ቢዋ ሐይቅ አንድ አውንስ ያህል የሚበልጥ ያዘ፤ ልዩነቱ ለመብለጥ የሚጠየቀውን 2 አውንስ ስላልሞላ እኩል ተባሉ። የኩሪታን ባስ ያመጣው ብሉጊል የተባለ፣ በዚያው ሐይቅ የሚርመሰመስ ትንሽ ሕያው ዓሣ ነበር።

ለአንዲት ንክሻ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል የሚችል ሰው ግዙፉን ይጣል፤ አልነቅፈውም። እኔን የሚያሳዝነኝ በሳምንት አንዲት የዕረፍት ቀን ያለችው፣ ልጁን ይዞ ወደ ወንዙ የወረደ ወገኔ ነው። ያንን ምክር ሰምቶ በሰኔ ግዙፍ ማባበያ ሲወረውር ይውላል፤ ልጁ እስከ ቀትር ይታገሣል፣ ከዚያ ስልኩን ያወጣል። በሚቀጥለው ሳምንት «እንሂድ» ቢባል እሺ አይልም። በልጄ ሳጥን ውስጥ ያለው ትልቁ ማባበያ 3 ኢንች ነው።