መጀመሪያ ቴሌግራም፣ ድረ ገጹ ይደርሳል

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ልብስ ወይም የተቆላ የሲዳማ ቡና የሚሸጥ ወጣት ሱቁን ኢንተርኔት ላይ ላውጣ ሲል «ሾፒፋይ ክፈት» የሚለው አያጣም። የዚህ የኢንተርኔት ሱቅ መክፈቻ አገልግሎት ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ነው፤ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ ሥርዓትም ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ታዲያ የአቶቴ ሰፈር ደንበኛ በምን ይክፈል? ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጫው የሚጀምረው ከገጹ ውበት ሳይሆን ብሩ ከሚገባበት በር ነው። ለጊዜው የቴሌግራም ቻናል ይበቃል፦ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ ክፍያ በቴሌብር፣ ዕቃው በባጃጅ። (ብቻ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉትን ተዉት፤ ገዢ ያባርራል።) ትዕዛዝ በዝቶ እውነተኛውን የክፍያ ስክሪንሾት ከሐሰተኛው መለየት ሲያታክት ግን ዉኮሜርስ የተባለውን የድረ ገጽ ሱቅ መሥሪያ ቻፓ ከተባለው የክፍያ መቀበያ ጋር አገናኝቶ የራስን ሱቅ መክፈት ያዋጣል፤ ያኔ ክፍያውን ሲስተሙ ራሱ ያረጋግጣል፣ የደንበኞች መዝገብም በባለሱቁ እጅ ይሆናል።