የእናት ስም የት ገባ?

ዛሬ ስለ ዘር ቆጠራ እንጫወት።

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጌዶ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀርባችሁ «አባባ፣ እስቲ ዘርዎን ይቁጠሩልኝ» በሏቸው። አያመነቱም። «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ» እያሉ ሰባት ስም ይቆጥራሉ። አሥር የሚያደርሱም አሉ። አሁን ደግሞ «እናቶቻቸውስ ማን ማን ይባሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አባባ ዝም ይላሉ። ከሰባቱ ስም አንዱም የሴት አይደለም። ታዲያ ሰባቱን ማን ወለዳቸው?

ሴት ስታገባ ከመንደሯ ትወጣለች። በባሏ አገር «የእገሌ ሚስት» ትባላለች። ስትወልድ «የእገሌ እናት» ትባላለች። የልጅ ልጆቿ ሲያድጉ ስሟን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። በልጅነቷ ከቤቷ ተነጥቃ የተሸጠችማ ነገሯ ከዚህም ይብሳል። የአንዷን ታሪክ እንንገራችሁ።

ከአምቦ ተነስቶ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ የሚያልፈው መንገድ ነቀምት ያደርሳል። በነቀምት ከመቶ ዓመት በፊት አንዲት መምህርት ነበሩ። ስማቸው አስቴር ጋኖ ነው። ታሪካቸውን ከልጅነታቸው እንጀምር። የእሳቸውን ታሪክ ዓመት የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

አስቴር የተወለደችው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ስትወለድ ነጻ ነበረች። በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲወስዷት፣ የጣልያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት። አስቴር ነጻ ወጣች። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚባል ቦታ፣ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች።

አስተማሪዎቿ ጥሩ የኦሮምኛ ችሎታ እንዳላት አዩ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጧት። በዚያው ቦታ ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባል ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይመልስ ነበር። እሱም በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እውነት ነው! አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በዚህ ሥራ የአስቴር ድካም ብዙ ነው። ሥራው የሚጠራው ግን በይበልጥ በኦነሲሞስ ስም ነው። እዚህም የሴቷ ስም ወደ ኋላ ቀረ።

አስቴር ሌላም ነገር ሠራች። 500 ያህል የኦሮምኛ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ እንደ እናንተ ንባብ ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ ሥራ ላይ የዋለው በ1991 ነው።

ልጅ ተረትና እንቆቅልሽ ከየት ይማራል? ማታ እሳት ዳር፣ ከእናቱና ከአያቱ አፍ አይደለም ወይ? አስቴርን ከወገኖቿ ለዩአት። የእናቷን ቋንቋ ግን ከአፏ መንጠቅ አልቻሉም። እሷም ፊደል ስትቆጥር ያን ቋንቋ ወረቀት ላይ አሰፈረችው። ስለዚህ የአስቴርን ዘር የሚፈልግ ሰው ከዚያ መጽሐፍ ይጀምር።

በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች። በነቀምት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል። መምህርት አስቴር 90 ዓመት ገደማ ኖረው በ1960ዎቹ አረፉ።

እናንተስ? የአያታችሁን፣ የአኮን፣ ስም ታውቃላችሁ? የአኮን እናትስ? እንዲህ አድርጋችሁ ፈልጉ።

1. ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ። ዛሬ ነገ አትበሉ። ሰው ሲያልፍ የያዘውን ስም ይዞት ይሄዳል።

2. የአንድ ወንድ ስም ሲነገራችሁ፣ የእናቱንና የሚስቱን ስም ጠይቁ። ሚስቱ ከየት መንደር እንደመጣችም ጻፉ። ወገኖቿ የሚገኙት እዚያ ነው።

3. ዓመቱ ካልታወቀ በዘመኑ በሆነ ነገር አስታውሷቸው። በእኛ አቆጣጠር ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአድዋ ጦርነት በ1888 ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነው። «ጣልያን ሲገባ እናትዎ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ ታገኛላችሁ።

4. በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ወረቀት አትጣሉ። በንጉሡ ዘመን በተጻፈ ወረቀት ላይ «ሀገረ ሕይወት» የሚል ብታገኙ አትደናገሩ። አምቦ ማለት ነው።

አሁን ደብተራችሁን ክፈቱ። በመጀመሪያው መስመር የእናታችሁን ስም ጻፉ። ከሥሩ የእናታችሁን እናት ስም ጻፉ። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ አትዘኑ። ተነሱና ሂዱ፤ የሚያውቁት ሰው በሕይወት እያሉ ጠይቁ።

ጥያቄዎች
ሀ. አስቴር ፊደል የቆጠረችው የት ነው?
ለ. የሴት ስም ከዘር ቆጠራ ለምን ይጠፋል?
ሐ. የስንት ሴት አያቶቻችሁን ስም መጻፍ ቻላችሁ?